የልጅ ቀለብ በቃል ብቻ አይቆረጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባልና ሚስት ሲለያዩ የልጅ ቀለብ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ፊት «በየወሩ እሰጣለሁ» ተብሎ ያበቃል። ሽምግልናው ደግ ነው። ነገር ግን ስምምነቱ ተጽፎ በቤተሰብ ችሎት ካልጸደቀ፣ ክፍያው የቆመ ዕለት ልጁን የያዘው ወገን ክሱን ከሀ ብሎ ይጀምራል። የጸደቀ ስምምነት ግን እንደ ፍርድ ስለሚቆጠር የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት ይበቃል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የልጁን ፍላጎትና የከፋዩን አቅም ያያል እንጂ የደመወዝ መቶኛ አልወሰነም። ስለዚህ ልደታም ሆነ ሌላ ምድብ ችሎት የሚሄድ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤትና የሕክምና ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ውል ይያዝ። የከፋዩ ደመወዝ ካልታወቀ መሥሪያ ቤቱ እንዲገልጽ ትእዛዝ ይጠይቅ። ፍቺው እስኪወሰንም ልጅ አይራብም፤ በክርክሩ መካከል ጊዜያዊ ቀለብ ማስቆረጥ ይቻላል።

ስምምነት የሚፈርሰው በአብዛኛው መስከረም ላይ ነው። «በወር 3,000 ብር» ተብሎ ይጻፍና የምዝገባው፣ የዩኒፎርሙ፣ የደብተሩ ወጪ የማን እንደሆነ ሳይነሳ ይቀራል። ቀለብ በሕጉ መጠለያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትን ጭምር ያቅፋል። የትምህርት ወጪው ለብቻው ተጽፎ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ቢገባ ጭቅጭቁ ይቀንሳል። የመክፈያው ቀን ከደመወዝ ቀን ጋር ይያያዝ፤ በፈረንጅ ወር የሚከፈለውን ሰው በአበሻ ወር መጨረሻ ክፈል ማለት በየወሩ ያጣላል። ጳጉሜንም ልጅ ይበላልና ትጻፍ።

በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ማስረጃ የለውም። በባንክ ወይም በቴሌብር ይላክ፤ ምክንያቱ ላይ «የጥቅምት ቀለብ» ተብሎ ይሞላ። ይህ ከተቀባዩ ይልቅ ከፋዩን ይጠብቃል።

መሥሪያ ቤቱ ቆርጦ እንዲልክ ሲታዘዝ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ከፋዩ የሚቆረጥበት ብድር ካለ ለልጁ የሚተርፈው ያንሳልና አስቀድማችሁ አጣሩ። ውዝፍ ሲጠራቀምም ዝም አትበሉ፤ 3 ወር ያለፈው ሳይጠየቅ ከቆየ የመቅረት አደጋ አለው።

«ልጄን ካላሳየሽኝ አልከፍልም»፣ «ካልከፈልክ አታየውም» የሚሉት ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ጉብኝትና ቀለብ የልጁ መብቶች እንጂ መያዣ አይደሉም። ገቢው የቀነሰበት ወላጅ ክፍያውን በራሱ ከማቋረጥ ይልቅ መጠኑ እንዲሻሻል ለዚያው ችሎት ያመልክት።

በቤተሰብ ጉዳይ የምንሠራ ጠበቆች
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ