የምንከፍለው ለጠርሙሱ ነው ወይስ ለዘይቱ?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በዚሁ የአንባቢያን ገጽ አንድ ጸሐፊ፣ በአገር ውስጥ የሚመረቱ የጺምና የፀጉር ቅባቶች ጥቂት ዘይት በሚያምር ጠርሙስ ተሞልቶ የማይቀመስ ዋጋ የሚጠየቅባቸው ናቸው ሲሉ ቅሬታቸውን አቅርበዋል። ሽሮ ሜዳ አካባቢ በምትገኝ አነስተኛ ማምረቻ የጺም ዘይትና የፀጉር ቅባት ስለምሠራ ጽሑፉ እኔንም ይመለከተኛል። ጸሐፊው ያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነው። ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠይቅ አምራች ያን ዋጋ ብር በብር ማስረዳት አለበት ብዬ ስለማምን፣ የራሴን ሂሳብ በአደባባይ ለመዘርዘር ወስኛለሁ።

የእኔ የጺም ዘይት 50 ሚሊ ሊትር ሲሆን በሱቅ 920 ብር ይሸጣል። ከዚህ ውስጥ 120 ብሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ከቀሪው 800 ብር ሱቁ ሩቡን፣ ማለትም 200 ብር ይወስዳል። ለእኔ የሚደርሰኝ 600 ብር ነው። ከእርሱ ላይ 165 ብር ለዘይቶቹና ለመዓዛው፣ 150 ብር ለጠርሙሱና ለክዳኑ፣ 70 ብር በጠርሙሱ ላይ ለሚለጠፈው ጽሑፍና ለማጓጓዣ ካርቶኑ፣ 135 ብር ለሠራተኛ፣ ለቤት ኪራይና ለመብራት፣ 20 ብር ደግሞ ለሚሰበረውና ለሚበላሸው ይወጣል። የሚተርፈው 60 ብር ነው።

አንባቢው እንደሚያስተውለው ጠርሙሱና የሚለጠፍበት ጽሑፍ ከውስጡ ካለው ዘይት በላይ ያስወጣሉ። ጸሐፊውን ያስቆጣቸው ነገር በቁጥር ሲታይ ይኸው ነው፤ አልክድም። ምክንያቱ ግን አምራቹ ለጌጥ ብሎ የጨመረው ነገር አይደለም። ሰሊጡን፣ ጉሎውንና ጥቁር አዝሙዱን መርካቶ በብር እገዛለሁ፣ ዕጣኑም የአገራችን ነው። ጠርሙሱ ግን ከውጭ የሚመጣና በዶላር የሚገዛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይቱ ቀስ እያለ ተወደደ፤ ጠርሙሱ ግን ወዲያውኑ ነው ዋጋው የዘለለው።

እንግዲያው ለምን በፕላስቲክ አትሸጡም ይላሉ ጸሐፊው። በዚህ ነጥብ ላይ ጠንክሬ እከራከራለሁ። የጺም ዘይት የምግብ ዘይት አይደለም። ከዕጣን፣ ከጠጅ ሳርና ከባሕር ዛፍ በእንፋሎት የሚወጣው መዓዛማ ዘይት በባሕርዩ ኃይለኛ ስለሆነ አንዳንድ የፕላስቲክ ዓይነቶችን ያለሰልሳል። ተራው ፕላስቲክ ላይ ከተቀመጠ ከጊዜ በኋላ ዕቃው ይጨማደዳል፣ መዓዛውም ይሸሻል። ብርሃንና አየር ደግሞ የሰሊጡንም የጥቁር አዝሙዱንም ዘይት ይጎዳሉ፤ ጠረኑ ይለወጣል፣ ቆዳ ላይም ደስ የማይል ነገር ይሆናል። ቫይታሚን ኢ ብንጨምርበት ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ቡናማው ጠርሙስ የተመረጠው ጎጂውን የብርሃን ክፍል ስለሚያግድ ነው። መድኃኒት ቤቶችም ከጥንት ጀምሮ ሽሮፕ በቡናማ ጠርሙስ የሚያስቀምጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ጥርት ባለ ነጭ ብርጭቆ የሚታሸጉ ዘይቶች በሱቅ መብራት ሥር ሲያብረቀርቁ ሳይ ያሳዝነኛል፤ ገዢው ቤቱ የሚያደርሰው ዘይት በመስኮትና በመብራት ስንት ሳምንት እንደተመታ አያውቅም።

ክዳኑን በተመለከተ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሳንስማማ የቆየንበት ጉዳይ አለ። አብዛኛው የጺም ዘይት የሚሸጠው ላስቲክ ባለው የብርጭቆ ጠብታ መሳቢያ ነው። ያምራል፤ በፎቶግራፍም ውድ ያስመስላል። ነገር ግን ከመዓዛማው ዘይት የሚነሣው ትነት ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ቀስ በቀስም ያጣብቀዋል። ጠርሙሱ በቦርሳ ውስጥ ተጋድሞ ከሰነበተ ደግሞ ዘይቱ ራሱ ላስቲኩን ይነካዋል፣ ከዚያም ይፈስሳል። እኔ የመረጥኩት በጠርሙሱ አንገት ላይ ተጭኖ የሚገባ፣ አንድ በአንድ የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ያለው ውስጠኛ መክደኛና ከላዩ ተራ ጥቁር ክዳን ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ አያፈስም፣ ዘይቱም በተከፈተ ቁጥር ብዙ አየር አይገባበትም። ቦሌ ያለ አንድ የሱቅ ባለቤት አገላብጦ አይቶ «ይህ የሳል መድኃኒት ይመስላል፤ በዚህ ክዳን 920 ብር ማን ይከፍላል?» አለኝ። የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። አንዴ ገዝተው የሚመለሱት ቦርሳቸው ውስጥ ያልፈሰሰባቸው ሰዎች ናቸው።

ምንዛሪው በተለወጠበት ወቅት ለአነስተኛ አምራች ሁሉ የቀረበ አንድ ቀላል መንገድ ነበር፦ ዋጋውን ሳይነኩ ከ50 ወደ 40 ሚሊ ሊትር መውረድ። ጠርሙሱ በመጠን እምብዛም ስለማይለይ ደንበኛው አያስተውልም። ይህን ብዙዎች በሳሙናም፣ በብስኩትም፣ በዘይትም አድርገውታል። እኔ ይህን ከማድረግ ዋጋውን በግልጽ ከፍ ማድረግን መረጥኩ፤ በሱቅ መደርደሪያውም ላይ ለምን እንደጨመረ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት አስለጠፍኩ። መግዛት የተዉ ደንበኞች ነበሩ። የቀሩት ግን መጠኑ ያው መሆኑን አምነው ነው የቀሩት፤ ለእኔ ትልቅ ሀብት ነው።

ትንሽ ጠርሙስም አለኝ፣ 15 ሚሊ ሊትር። ስለ እርሷ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ በሚሊ ሊትር ሲሰላ ከትልቁ በጣም ትወደዳለች፣ ምክንያቱም የትንሹ ጠርሙስ ዋጋ ከትልቁ ጠርሙስ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ያዘጋጀኋት ለመሞከሪያ ስለሆነ «መጀመሪያ ይሞክሩ፣ ከተስማማዎ ትልቁን ይግዙ» ብዬ በላይዋ ላይ አሳትሜአለሁ። አቅም ያነሰው ሰው ትንሹን እየደጋገመ ሲገዛ በዓመቱ ከባለ ገንዘቡ በላይ ይከፍላልና ሻጮች ይህን ለገዢው እንዲነግሩልኝ ዘወትር እለምናለሁ።

የስጦታ ካርቶንን በአጭሩ ልለፈው። በማግኔት የሚከፈት ወፍራም ካርቶን ለማሳተም የተጠየቅኩት ዋጋ ከዘይቱ ይበልጥ ነበር፤ በተገዛበት ቀንም ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል። እምቢ አልኩ። ለስጦታ የሚፈልግ ሰው ሲኖር ከጎረቤቶቼ ሸማኔዎች ቁርጥራጭ ሸማ የተሰፋች ትንሽ ከረጢት ለብቻዋ በተጨማሪ ዋጋ አቀርባለሁ። በጥር የሠርግ ሰሞን ለሚዜ የሚገዙ፣ ወደ ዋሽንግተን ለዘመድ የሚልኩም ይወስዷታል። ለአውሮፕላን ተጓዥ ደግሞ 50 ሚሊ ሊትር ይመቸዋል፣ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች በእጅ ሻንጣ የሚፈቀደው ፈሳሽ በአንድ ዕቃ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነውና።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። የእኔን ዘይት አንድ ሱቅ በ1,600 ብር ሲሸጥ አንዲት ደንበኛ ፎቶግራፍ አንሥታ ላከችልኝ። የሱቁን ስም አልጠራም። ሩብ ትርፍ ወስዶ እንዲሸጥ ተስማምተን ነበር። ጸሐፊው ያዩት የማይቀመስ ዋጋም ምናልባት እንዲህ ያለው ሊሆን ይችላል፤ ስድቡ ግን የሚደርሰው በጠርሙሱ ላይ ስሙ ለተጻፈው አምራች ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። በውድ ዕቃ መደርደሪያዎች ላይ ግን ዋጋ ተጽፎ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው፤ ገዢው ጠይቆ ነው የሚነገረው፣ የሚነገረውም እንደ አለባበሱ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የመሸጫ ዋጋውን ከምርት ቀኑና ከመጠቀሚያ ጊዜው ጎን በጠርሙሱ ላይ ማተም ጀመርኩ። ሁለት ሱቆች በዚህ ምክንያት ዕቃዬን መለሱ። አንደኛው «ዋጋ የተጻፈበት ዕቃ ርካሽ ይመስላል» የሚል ምክንያት ሰጠኝ። በዚህ አስተሳሰብ ፈጽሞ አልስማማም። መቶ ዓመት ሙሉ የታወቀ የውጭ ሽቶ ከሆነ ስሙ ዋጋውን ይሸከምለታል፤ ገና ስሙን የሚተክል የአገር ውስጥ አምራች ግን ካለው ሁሉ የሚበልጥበት የገዢው እምነት ነውና ዋጋውን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም።

በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ቀለምም የራሱ ጣጣ አለው። ዘይት የነካው ተራ ወረቀት ይወይባል፣ ፊደሉም ይደበዝዛል፤ የመጠቀሚያ ጊዜው የማይነበብ ዘይት ደግሞ ለገዢው ጭፍን ዕቃ ነው። ለዚህ ብዬ ነው በላዩ ላይ ስስ ፕላስቲክ የተለበጠበትን የምጠቀመው፤ ከ70 ብሩ ላይ ብዙውን የሚወስደውም እርሱ ነው።

ዋጋውን በእውነት ያወረደልኝ ነገር የወንዶች ፀጉር ቤቶች ናቸው። ፀጉር አስተካካይ በቀን ለብዙ ሰው ስለሚቀባ በትንንሽ ጠርሙስ መግዛት አያዋጣውም። ለእነርሱ በአንድ ሊትር ቡናማ ጠርሙስ አቀርባለሁ፣ ሲያልቅ ባዶውን ወስጄ የተሞላ እሰጣለሁ። ተራ ደንበኛም ባዶውን ይዞ ወደ ማምረቻው ከመጣ ከዋጋው 100 ብር እቀንስለታለሁ። በራሱ ጠርሙስ ላይ ወዲያውኑ አልሞላለትም፤ በውስጡ የቀረች የውኃ ጠብታ ዘይቱን ታበላሸዋለች። ባዶው ታጥቦ፣ በሙቀት ደርቆ ወደ መሙያው ይመለሳል፣ ውስጠኛው መክደኛ ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው። ይህን ባላደርግ ባዶው ጠርሙስ በቆራሌው በኩል ምናለሽ ተራ ይደርስና ሌላ ሰው ምኑ የማይታወቅ ዘይት ሞልቶ በእኔ ስም ሊሸጠው ይችላል።

ለጸሐፊው ያለኝ መልስ ይህ ነው። ለሙያ አጋሮቼ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። አስመጪዎች ጠርሙስ የሚሸጡልን በብዙ ሺህ ነው፤ አንዳችንም ለብቻችን ያን ያህል ገንዘብ የለንም፣ ስለዚህ ከሦስተኛና ከአራተኛ እጅ በውድ እንገዛለን። አንገቱ 18 ሚሊ ሜትር በሆነ 50 ሚሊ ሊትር ቡናማ ጠርሙስ ላይ ብንስማማ በጋራ ማዘዝ እንችላለን፤ የአንዱ አምራች ባዶ ጠርሙስም በሌላው ማምረቻ ታጥቦ ሊሞላ ይችላል። በቅርጽ መለያየት የሚፈልግ በጽሑፉና በመዓዛው ይለይ። በዚህ ሐሳብ የሚስማማ አምራች ካለ አድራሻዬን ከዝግጅት ክፍሉ ማግኘት ይችላል፤ ቀጣዩን ትዕዛዝ የማዝዘው ከመስቀል በፊት ስለሆነ እስከዚያ ቢያገኘኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
የጺምና የፀጉር ቅባት አምራች፣ ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ