ስለ ልጄ ዕድሜና ስለ ኮሌጅ ማመልከቻ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ልጄ ባለፈው ዓመት ለኮሌጅ ያመለከተችው ገና 16 ዓመት በሞላት ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ሳለን አንደኛ ክፍል የገባችው በ5 ዓመቷ ነበር፤ አራተኛ ክፍልንም፣ እኛ በልጅነታችን «ደብል መታች» እንደምንለው፣ ዘላ አለፈች። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ ወደ ሜሪላንድ ስንመጣ ትምህርት ቤቱ ትራንስክሪፕቷን አይቶ አሥረኛ ክፍል አስገባት፤ በዚህም የተነሣ ከክፍል ጓደኞቿ በሁለት ዓመት አንሳ ለመመረቅ በቃች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ልጆቻቸውን ለዚሁ መንገድ ለሚያዘጋጁ ወላጆች ያየሁትን ለማካፈል ነው፤ እኔ መጀመሪያ ላይ የልጄ ዕድሜ ማነስ ራሱ በር ያስከፍታል ብዬ አምን ነበርና።

በእኛ ዘንድ ልጅ በለጋ ዕድሜው ትምህርት መጨረሱ እንደ ማዕረግ ይቆጠራል። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሻይ እየጠጣን «ስንት ዓመቷ ነው?» ሲሉኝና ስመልስ፣ በዙሪያዬ የሚሰማው ምርቃት ደስ ያሰኘኝ ነበር። እንደ ሃርቫርድና ኤምአይቲ ያሉት፣ ከመቶ አመልካች አምስቱን እንኳን የማይቀበሉ ተቋማት ግን ታናሽ በመሆን ብቻ የሚገኝ ነጥብ የላቸውም። የ16 ዓመቷ ልጅ የምትመዘነው ከ17 እና ከ18 ዓመት ልጆች ጋር በአንድ ሚዛን ነው። እነዚያ ልጆች ደግሞ ሁለት ክረምት የበለጠ ሠርተዋል፣ አንብበዋል፣ ተወዳድረዋል። «ኮመን አፕ» የሚባለው የጋራ ማመልከቻ ከክፍል ውጭ ለተሠሩ ነገሮች 10 ቦታ አለው፤ ልጄ የሞላችው 6 ብቻ ነበር። የጎደለው ትጋት ሳይሆን ጊዜ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ቅጹ ግን ያንን አይጠይቅም።

ነገሩ ይበልጥ የጎላው በድርሰቱ ላይ ነው። የዚሁ ማመልከቻ ድርሰት ከ650 ቃላት መብለጥ የለበትም፤ የመጀመሪያው ረቂቋም «ገና 15 ዓመቴ ነው» ብሎ የሚጀምር ነበር። የእንግሊዝኛ መምህሯ ዕድሜዋን ያነሣችበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ አሰመሩበት፤ ሰባት ቦታ ሆነ። ከግርጌው የጻፉት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እነዚህ ሲወጡ ስለ አንቺ ምን ይቀራል?» ልጄ ሁለት ቀን አኮረፈች። በኋላ የጻፈችው በብርዱ ወራት ሊጣችን አልቦካ፣ እንጀራውም ዓይን አላወጣ ሲል የወጥ ቤቱን ሙቀት፣ የእርሾውን መጠንና ሊጡ ያደረበትን ሰዓት በደብተር እየመዘገበች፣ ብዙ እንጀራ ከተበላሸባት በኋላ፣ ቡሃቃውን መብራቱ ብቻ በበራ ኦቨን ውስጥ ማሳደር እንደሚበጅ የደረሰችበትን ታሪክ ነው። በዚያ ድርሰት ውስጥ ዕድሜዋ አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም፤ እኔ ግን ልጄን ያወቅኋት ያን ጊዜ ይመስለኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ያልጠበቅነው ችግር ላንሣ። ከአዲስ አበባ የመጣው ትራንስክሪፕት የልደት ዘመኗን 2001 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ትክክል ነው። ማመልከቻው ላይ የሞላነው 2008 ነው፤ ይህም በእነርሱ አቆጣጠር ትክክል ነው። ከኮሌጆቹ አንዱ ሁለቱን ሲያስተያይ የ16 ዓመቷን ልጅ በወረቀት የ23 ዓመት ሴት ሆና አገኛትና ማብራሪያ ጠየቀን፤ ጥያቄው የደረሰን የጊዜ ገደቡ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነበር። ፈቃድ ያለው አስተርጓሚ ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት አንድ ገጽ ጽፎልን ከፓስፖርቷ ቅጂ ጋር ላክን። ከአገር ቤት የትምህርት ማስረጃ ያላቸው ሁሉ ይህችን ገጽ ሳይጠየቁ አስቀድመው ቢያያይዙ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ከልቤ ያልወጣው ግን በጥር ወር የሆነው ነው። ከአንደኛው ኮሌጅ የተመረቁ አንዲት ሴት ልጄን በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቃለ መጠይቅ አደረጉላት። ብቻዋን መንዳት የሚያስችላት መንጃ ፈቃድ ስላልነበራት ያደረስኋት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጠረጴዛ አልፌም ተቀመጥሁ። ስለ ሒሳብ፣ ስለ እንጀራው፣ ስለ አዲስ አበባ ጠየቋት፤ ሁሉንም በሚገባ መለሰች። በመጨረሻ «ሌሊት ዶርም ውስጥ ብትታመሚ መጀመሪያ ለማን ትደውያለሽ?» አሏት። «ለእናቴ» አለች፣ ሳታመነታ። ያ ኮሌጅ ከቤታችን በመኪና ስምንት ሰዓት ይርቃል። እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ስልኬም እስኪነጋ ድረስ ተቆልፎበት ያድራል። ይህን እርሷም ታውቃለች። ከሌላ ሰው ማን እንደሚደወልለት ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም ነበር። በጆርጂያ አቬኑ ወደ ቤት ስንመለስ ሁለታችንም ዝም ብለን ነበር።

ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ የሕግ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የትምህርት መዝገብን የማየት መብት ከወላጅ ወደ ተማሪው የሚተላለፈው 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ ነው፤ ኮሌጅ ከገባ ዕድሜው 16 ቢሆንም ያው ነው። ልጁ በግብር ወረቀት ላይ የወላጅ ጥገኛ ሆኖ ከተመዘገበ ኮሌጁ መረጃ ሊሰጥ ይችላል እንጂ አይገደድም። በሌላ በኩል ያቺው ልጅ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ስለሆነች ለሕክምናዋና ለዶርም ውሏ የወላጅ ፊርማ ትጠየቃለች። ስለዚህ ለመዝገቧ አዋቂ፣ ለሕክምናዋ ልጅ ሆና ትኖራለች፤ በመካከል ያለውን የሚሞላው አስቀድሞ በቤት የተደረገ ስምምነት ነው።

ለታናናሽ ተማሪዎች ታስቦ የተሠራ መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። እዚሁ ባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁሩ ጁሊያን ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1971 በሒሳብ ቀድመው የሚሄዱ ልጆችን ማጥናት ጀምረዋል፤ በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ1977፣ በቨርጂኒያ ሜሪ ባልድዊን ኮሌጅ በ1985 በለጋ ዕድሜ ለሚገቡ ተማሪዎች የተለየ መርሐ ግብር ከፍተዋል። ርቆ መሄድ ለማይፈልግም በሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኖ የኮሌጅ ትምህርት መውሰድ ይቻላል። እኛ እነዚህን በጊዜው አልጠየቅንም፤ ስሙ ትልቅ የሆነውን ብቻ ነበር የምናየው።

ልጄ ስምንት ቦታ አመልክታ ሁለቱ ተቀበሏት። ከሁለቱ አንዱን መርጣ፣ ቦታዋን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩላት ራሷ ጽፋ ጠየቀች፤ እነርሱም ስኮላርሺፑን ጨምረው በጽሑፍ ፈቀዱላት፤ በዚያ ዓመት በሌላ ኮሌጅ ለዲግሪ የሚቆጠር ትምህርት እንዳትወስድ ግን አስጠነቀቁ። አሁን ቅዳሜና እሑድ ትሠራለች፣ መንጃ ፈቃዷን አውጥታለች፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዋንም ራሷ ደውላ ትይዛለች። ሌሊት ቢያማት የምትደውልላቸውን ሦስት ሰዎች ስም በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋለች፤ የእኔ ስም ሦስተኛው ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ የብዙዎቹ ኮሌጆች የማመልከቻ ቀነ ገደብ ኖቬምበርና ጃንዋሪ መግቢያ ላይ ነው። ጋዜጣችሁ ከእነዚህ ቀናት አስቀድሞ፣ በመስከረም ወር፣ አማርኛ የሚናገሩ የትምህርት ቤት ካውንስለሮችን ጋብዞ ለዚህ ጉዳይ አንድ ገጽ ቢሰጥልን እለምናለሁ። ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ያስጻፍነውን ማብራሪያ የልጄን ስም አውጥቼ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ፤ ብታትሙት ብዙ ቤተሰብ ይጠቀምበታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ