ቦሎ ሲታደስ የነዳጅ ፍጆታም ይለካ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ጥሩ ነው። ግን እገዳው ገና የሚገባውን እንጂ ድሬ ውስጥ የሚርመሰመሰውን አይነካም። ሰዉ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ሰፈሩ ይሰፋል፣ ባጃጁና ሚኒባሱም አብሮ ይበዛል። ያለው መኪና ደግሞ እያረጀ ነው።

ከድሬ ወደ ሐረማያ የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት የወጣ ያውቀዋል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ 2,000 ገደማ። አሮጌ ሚኒባስ ሰው አጭቆ፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ ደርድሮ ያን ዳገት ሲያቃስት ጥቁር ጭሱ ከኋላው ያለውን ሹፌር መንገድ ያሳጣዋል። ያ ጭስ እኮ በቅጡ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው። በዶላር ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ የመጣ! ብዙ ጊዜ ጣጣው የተደፈነ ፊልትሮ ወይም ያለቀ ኖዝል (ነዳጅ መርጫ) ነው። መኪናው እስከሄደ ድረስ ግን ማን ይቀይራል?

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሏት ደነገጠች፤ በ1975 የፍጆታ መስፈርት በሕግ አወጣች። ያ ግን ለአዲስ መኪና ነው። እኛ ጋ መያዣው ቦሎ ነው። ፍሬንና መብራት እንደሚታየው በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚጠጣም ይታይ።

ሒሳቡም ከአሮጌው ጀምሩ ይላል። 16 ሊትር የሚጠጣውን ወደ 12 ማውረድ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 4 ሊትር ያተርፋል። 6 የሚጠጣውን ወደ 5 ብናወርድ የምናገኘው 1 ብቻ ነው።

ባለ ፔጆው ነገ መኪናውን ይጣል እያልኩ አይደለም። (ሐረር ያለ ፔጆ 404 ምኑን ሐረር ሆነች!) ለዓመት ያህል ጊዜ ይሰጠው፣ የመለዋወጫ ቀረጥም ይቀነስለት። መስፈርቱም በአንዴ ሳይሆን በየሁለት ዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጥበቅ። ሰዉ እየበዛ መስፈርቱ ባለበት ከቆመ ያተረፍነውን አዲሱ መኪና ይጨርሰዋል።

የሚመለከተው አካል በድሬ–ሐረር መስመር ይጀምር። ርቀቱ የታወቀ ነው፣ ውድ መሣሪያም አይፈልግም። ታንከሩን ሞልቶ ደርሶ መልስ መሄድ፣ ተመልሶ እዚያው ማደያ መሙላት። የገባው ሊትር የጉዞው ፍጆታ ነው፤ ለኪሎ ሜትሩ አካፍሎ በ100 ማባዛት ብቻ ነው።

አንድ የከዚራ ነዋሪ
ድሬዳዋ