ለአባዬ፣ ከሆልምቦ ሙዚቃ ጋር

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባዬ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ኮፐንሃገን ብርዱ ገብቷል፤ ቀኑም እያጠረ ነው። ይህን ደብዳቤ እህቴ ቀስ እያለች ታንብብልህ። አብሮት ያለው ፍላሽ ለሬዲዮህ ነው። ያቺ አልጋህ አጠገብ ያለችው ሬዲዮ ፍላሽ ስለምትቀበል ትሰካልሃለች።

ባለፈው ስንደዋወል ከኋላዬ ሙዚቃ ሰምተህ «ይሄ ዘፋኝ የሌለው ምንድን ነው?» ብለኸኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ በደብዳቤ ላድርገው አልኩ። ዓይንህ ከደከመ ወዲህ ውሎህ ከሬዲዮ ጋር ሆኗል። ዜናውም፣ ክርክሩም፣ ማስታወቂያውም እየተደጋገመ እንደሰለቸህ እህቴ ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ለዓመታት የምሰማው፣ ከልቤ የምወደው ሙዚቃ አለ። አንተም እንድትሰማው ፈለግኩ።

ሰውየው ቫውን ሆልምቦ ይባላል። ዴንማርካዊ ነው። በ1909 ሆርሴንስ በምትባል የዩትላንድ ከተማ ተወለደ፤ በ1996 አረፈ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) 13 ሲምፎኒዎችና ቁጥር የተሰጣቸው 20 ስትሪንግ ኳርቴቶች ጽፏል። ሲምፎኒ በትልቅ ኦርኬስትራ የሚጫወቱት ረጅም ድርሰት ነው። በወጣትነትህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ እንዳየህ ትነግረን ስለነበር ድምፁ አዲስ አይሆንብህም። ስትሪንግ ኳርቴት ግን አራት ሰው ብቻ ነው፦ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። ከበሮ የለም፣ ጥሩምባ የለም፣ ዘፋኝም የለም። አራት ሰዎች ተቀምጠው ሲነጋገሩ እንደ መስማት ነው።

ስለ ሰውየው ትንሽ ልንገርህ፤ አንተ የሰው ታሪክ ትወዳለህና። ኮፐንሃገን ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባው ገና በ16 ዓመቱ ነው። ያኔ የዴንማርክ ትልቁ የሙዚቃ ደራሲ ካርል ኒልሰን ነበር፤ ልጁ እንዲገባ የደገፈውም እሱ ነው። በ1930 በርሊን ሄደ። እዚያ ሜታ ግራፍ የምትባል ሮማኒያዊት ፒያኖ ተጫዋች አገኘ። በ1933 ተጋቡ፤ እስከ እርጅናቸውም አብረው ኖሩ። ከእሷ ጋር ወደ ሮማኒያ ሄዶ በየመንደሩ የገበሬውን ዘፈንና ጭፈራ አጠና። ያ ጉዞ ሙዚቃው ውስጥ ቀርቷል። ረጋ ብሎ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት እግር የሚያነሳ ምት ይገባበታል። ያኔ የሮማኒያ ገጠር መጣ ማለት ነው።

ለምን እንደምወደው ለማስረዳት አሠራሩን መንገር አለብኝ። ሆልምቦ ሲጀምር ትልቅ ዜማ ይዞ አይመጣም። ሦስት አራት ድምፅ ያላት አጭር ሐረግ ያነሳል። ሐረጓ ትደገማለች፤ በሁለተኛው ግን ትንሽ ተለውጣለች። ከዚያ ትረዝማለች። ከቫዮሊን ወደ ቼሎ ትወርዳለች። ትፈጥናለች፣ ትገለበጣለች፣ ከራሷ ሌላ ሐረግ ትወልዳለች። መጨረሻ ላይ የምትሰማው ከመጀመሪያዋ ጋር የማይገናኝ ይመስልሃል። ግን ከእሷ ያልወጣ ምንም ነገር የለም። ሜታሞርፎሲስ ይሉታል፤ መልክ እየለወጡ ማደግ። ጥሩ ማሲንቆ ተጫዋች ትዝታን ሲጀምር አስብ። ዜማው ያው ነው፤ ሲዞር ግን አንድም ጊዜ እንደ ፊተኛው አይሆንም። አንተ ያንን ለመስማት የሠለጠነ ጆሮ ስላለህ ነው ይህን የምልክልህ። «ዜማው የታለ?» ብለህ አትጠብቅ። ትንሿን ሐረግ ያዝና ወዴት እንደምትሄድ ተከተላት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሆልምቦ አይጮህም። በ1960ዎቹ ወጣቶቹ የአውሮፓ ደራሲያን የድሮውን ሁሉ አፍርሰው አዲስ ነገር ፍለጋ ሲሮጡ እሱ በራሱ መንገድ ቀጠለ። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ የገዛ ተማሪዎቹ ነበሩ። ከ1955 እስከ 1965 ራሱ በተማረበት የኮፐንሃገን ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆኖ አስተምሯልና። በኋላ ከዴንማርክ ትልቁ የሆነው ፐር ኖርጎርም ተማሪው ነው። ተማሪዎቹ በሌላ አቅጣጫ ሲሄዱ አልከለከላቸውም፤ እሱም አልተከተላቸውም። እዚህ አገር ሰው ስለ ሙዚቃ ሲያወራ ኒልሰንን ያነሳል። ሆልምቦን ግን ብዙዎቹ በስም ብቻ ነው የሚያውቁት። ይቆጨኛል። ለእኔ በኳርቴት ከእሱ የሚስተካከል የሰሜን አውሮፓ ደራሲ የለም።

አሁን ወደ ሲምፎኒዎቹ። ፍላሹ ላይ ሁለቱን ብቻ ነው የጫንኩልህ፤ ስምንተኛውንና አራተኛውን።

ስምንተኛው «ሲንፎኒያ ቦሪያሌ» ይባላል፤ የሰሜን ሲምፎኒ። ጽፎ የጨረሰው በ1952 ነው። ከመጀመሪያው ድምፅ ጀምሮ ይነጉዳል፤ የሚያቆመው የለም። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ይረጋል፤ ትንፋሽህን ትሰበስባለህ። አየሩ ንጹህ ነው፣ ብርዱም ይሰማሃል፣ ግን የሚያስፈራ ነገር የለውም። የዚህን አገር ክረምት ሳታየው ማወቅ ከፈለግህ ከዚህ የተሻለ ነጋሪ አላገኘሁም። ድምፁን ከፍ አድርገው ስማው። ጎረቤት ቢሰማም ይስማ፤ ጥሩ ነገር ነው።

አራተኛው ሌላ ነው። «ሲንፎኒያ ሳክራ» ይባላል፤ መዘምራን አሉበት። መጀመሪያ የጻፈው በ1941 ነው። ጀርመኖች ዴንማርክን በሚያዝያ 1940 ይዘዋት ነበር። ከዚያ በ1945 እንደገና አስተካከለው። በመካከሉ ወንድሙ ኤበ በናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ሞተ። ሲምፎኒው የእሱ መታሰቢያ ነው። ቃሉ በላቲን ነው። የጸሎት ቃል ነው፤ ሆልምቦ ራሱ ያዘጋጀው። ትርጉሙን ባታውቅም ሰዎቹ እግዚአብሔርን እንደሚጣሩ ይገባሃል፤ ግዕዙን ሳንሰማ ቅዳሴው እንደሚገባን። ሙሾ አይደለም። ያዘነ ሰው ቀና ብሎ ቆሞ ሲናገር ነው። አባዬ፣ ይህን ስሰማ ማንን እንዳሰብኩ ታውቃለህ። ስለ እሱ ብዙ አትናገርም፤ እኛም አንጠይቅህም። ይህን ብቻህን ስማው፤ ወይም ከእህቴ ጋር። የፈለግኸውን አድርግ።

ከዚያ በፊት የጻፈው ሁለተኛው ሲምፎኒ በውድድር አንደኛ ወጥቶ ገንዘብ አስገኝቶለት ነበር። እሱና ሜታ በገንዘቡ አሬሶ በሚባለው የዴንማርክ ትልቁ ሐይቅ አጠገብ መሬት ገዙ። ቤት ሠሩበት፣ ዛፍ ተከሉበት፤ በኋላም ኑሯቸው እዚያ ሆነ። ሜታ ፒያኖውን ትታ ተፈጥሮን ፎቶ ማንሳት ጀመረች። እኔም ሐይቁን ሄጄ አይቼዋለሁ። ነፋስ አይለየውም። ሸምበቆው ይንሾካሾካል፤ ሰው ግን አይታይም። ባህር ዛፍህን ስትተክል «እኔ ባልቀመጥበት ልጆቼ ይቀመጡበታል» ትል ነበር። እነዚህ ሁለቱን ብታገኛቸው ኖሮ ወሬያችሁ አያልቅም ነበር።

ደግሞ ይህን ስማ። ከ1940 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት ያህል በኮፐንሃገን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምሯል። ይህን ሳነብ ወዲያው አንተ ትዝ አልከኝ። ከመጽሐፍ ጋር ስትለያይ ምን እንደተሰማህ አውቃለሁ። ዕድሜህን ሙሉ ያነበብክ ሰው ነህ። ሆልምቦ እነዚያን ዓመታት ሙዚቃን በጆሮና በጣት ብቻ ከሚያውቁ ልጆች ጋር አሳልፏል። ሙዚቃው የሚታይ ነገር የማይፈልግ የሆነው በዚያ ይሁን አይሁን አልልህም። ግን ተፈትኖ የመጣ ይመስለኛል። መድረኩን ማየት አያስፈልግህም። ማን እንደተናገረ፣ ማን እንደመለሰ፣ ማን ዝም እንዳለ በጆሮህ ብቻ ትለየዋለህ።

የመጀመሪያውን ቁጥር ያለው ኳርቴት የጻፈው በ1949 ነው፤ አርባ ሊሞላው ሲል። ከዚያ በፊት ኳርቴት ሳይጽፍ ቀርቶ አይደለም። ብዙ ጽፏል፤ ግን ቁጥር አልሰጣቸውም። ይህ ትዕግሥቱ ይገርመኛል። የመጀመሪያውን የሚከፍተው ቪዮላ ብቻውን ነው። ቪዮላ ማለት ከቫዮሊን ትንሽ ወፈር ያለ፣ የእናቴን ድምፅ የሚመስል መሣሪያ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ዝም ብለው ያዳምጡታል፤ ከዚያ ይገባሉ።

ለአንተ ዋናው ስጦታዬ ግን የመጨረሻዎቹ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፎት፣ በ1980ዎቹ፣ አራት ኳርቴቶች ተከታትለው እንዲሄዱ አድርጎ ጻፈ። 17ኛው የማለዳ ነው፣ 18ኛው የቀን፣ 19ኛው የምሽት፣ 20ኛው የሌሊት። አንድ ሙሉ ቀን ማለት ነው። አንተ አሁን መስኮቱ ሲነጋና ሲመሽ በደንብ እንደማይለይህ እህቴ ነግራኛለች። ስለዚህ በየሰዓታቸው እንድትሰማቸው ነው የምለምንህ። የማለዳውን ከቁርስ በፊት፣ ቤቱ ሳይንጫጫ። የቀኑን ከምሳ በኋላ፣ ካላሸለበህ። የምሽቱን ቡና ሲፈላ። የሌሊቱን ጸሎትህን ከጨረስክ በኋላ። እያንዳንዳቸው አጫጭር ናቸው፤ አያደክሙህም።

እነዚህ አራቱ ከወጣትነቱ ሥራ ይለያሉ። ድምፁ ሳስቷል። ትርፍ ነገር የለም። ወጣት ሳለ በአሥር አረፍተ ነገር የሚለውን አሁን በሁለት ይለዋል። የሌሊቱ በተለይ፣ እኔ በሥራዬ ሌሊት ሽማግሌዎችን ስጠብቅ የምሰማው ነው። በአንድ ጆሮዬ ማዳመጫ አድርጌ ኮሪደሩን እየዞርኩ። የሚያስተኛ ሙዚቃ አይደለም። የሚያነቃ ነው፤ ግን አያባንንም።

21ኛ ኳርቴትም ጀምሮ ነበር። ሳይጨርሰው ሞተ። የጨረሰው ተማሪው ኖርጎር ነው። መንገዱን ያልተከተለው ተማሪ የመምህሩን ቤት ጣሪያ ሲከድን አስበው! ይህንንም ጭኜልሃለሁ፤ ከሁሉም መጨረሻ ላይ ነው።

አንድ ነገር ረስቼ። በ1988 ያሳተመው መጽሐፍ አለ። የዴንማርክ የመንገድ ላይ ሻጮች ዕቃቸውን ሲያስተዋውቁ የሚያሰሙትን ጥሪ ሰብስቦ፣ እንደ ዜማ ጽፎ ያጠናበት ነው። ስንት የተከበረ ፕሮፌሰር ሲያልፍ የማይሰማውን እሱ ቆሞ ሰማው። የኛን ሰፈር «ቁራሌው!» ቢሰማ ኖሮ ምን ይጽፍ ነበር? ከሩቅ ብቅ ብሎ፣ በራችን ጋ ከፍ ብሎ፣ ከዚያ እያነሰ የሚሄደውን። ጠዋት በረንዳ ላይ ስትቀመጥ ለእኔ ብለህ አድምጠውና ዜማውን በስልክ አሰማኝ። ዘንድሮም እንደ ድሮው መሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ለእህቴ ማስታወሻ፦ ፍላሹ ላይ ፋይሎቹ በቁጥር ተደርድረዋል። ከ1 እስከ 4 ያሉት አራቱ የቀን ኳርቴቶች ናቸው፤ ኮንትራ ኳርቴት የተባለ የዴንማርክ ቡድን ነው የተጫወታቸው። 5 የመጀመሪያው ኳርቴት ነው። 6 ስምንተኛው ሲምፎኒ፣ 7 አራተኛው፤ ሁለቱንም የኦርሁስ ከተማ ኦርኬስትራ ነው የሚጫወታቸው። 8 ያልጨረሰው ነው። ሬዲዮዋ «ሹፍል» ላይ እንዳትሆን አደራ፤ ቅደም ተከተሉ ይበላሻል። 7ን አባዬ ራሱ ካልጠየቀሽ አትክፈችው።

አባዬ፣ የዓይን ጠብታህን ሰዓቱን ጠብቀህ አድርግ። ለቀጠሮህ የሚሆነውን ገንዘብ ልኬያለሁ፤ እህቴ ጋ ደርሷል። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እሁድ ስደውል መጀመሪያ የምጠይቅህ ከአራቱ የትኛውን እንደወደድክ ነው። አልወደድኩትም ካልክም ንገረኝ፤ የትኛው ጋ እንደሰለቸህ ጭምር። ስለዚህ ሙዚቃ እስካሁን በአማርኛ ያወራሁት ሰው የለም።

ጉልበትህን እስማለሁ።
ልጅህ