ቅዳሜ የሐር ቁርጥራጭ ለምታመጡ አባላት

ሰላም ለሁላችሁ። ለትራስ ልብሱና ለመጋረጃው ሥራ ያላችሁን ቁርጥራጭ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። አደራ ግን፣ ገበያ ላይ ሐር ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሐር አይደለም። ከጫፉ ሁለት ሦስት ክር መዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። እውነተኛው እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ይጠጥራል። እሱን ለብቻው አስቀምጡልን፤ ካውያ ሲነካው ጉድ ይሠራናል።

ሐር መቀስ ሥር ያንሸራትታል። ለትራሱ ከጀርባው ስስ የጥጥ ጨርቅ በሰፋፊ ስፌት እናያይዝና ነው የምንቆርጠው። ጀማሪዎች በጉሎ ቅጠል ከሚያድገው ትል የሚገኘውን ሐር ብትይዙ ይቀላችኋል። እንደ ጥጥ ስለሚፈተል ሻከር ይላል፣ እጅ ላይም አይሸሽም።

መጋረጃው ገበር የለውም። ኮሪያውያን ጆጋክቦ በሚሉት ቁርጥራጭ ጨርቅ የመገጣጠም ሥራቸው የስፌቱን ጠርዝ አጣጥፈው ይደብቁታል፤ ከፊትም ከኋላም ንጹሕ ነው። ብርሃን ሲያልፍበት የስፌቱ መስመር ብቻ ጠቆር ብሎ ይታያል። ጣናን ፊት ለፊት ለሚያይ መስኮት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ካውያው ለብ ያለ ይሁን፣ ከላይ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ውኃ አትርጩ፤ ጠብታው ምልክት ይተዋል።

መቀስ የየራሳችሁን አምጡ። የቡድኑ መቀስ ወረቀት ሲቆረጥበት ከርሞ ዶልዱሟል።