ጭልፊት ቆጣሪ ሆኜልሃለሁ

ቶኪዮ፣ ኅዳር አጋማሽ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? እትዬ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውስ ተሻላቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

«የመስቀል ወፍ» ብለህ የላክህልኝ የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። ይሁን፣ ተቀብያለሁ። ግን አንተም አፍህን ሞልተህ የምትናገርበት የለህም። የመስቀል ወፍ እንኳ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለች። ስለዚህ ተካክሰናል። ስልክ ያልደወልኩልህ ሆን ብዬ ነው። ስልክ ላይ «ደህና ነህ? ይሰማል? ኔትወርኩ ነው» ስንባባል ያልቃል። ደብዳቤ ላይ ግን አታቋርጠኝም።

ወሬውን ላሳጥርልህ። ሥራው ያው ነው። ልጅቷ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ አማርኛ የሚመጣላት ስትናደድ ብቻ ነው። የምንኖረው አሁንም ካትሱሺካ ነው። ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር ስለሆነ እሁድ እሁድ ቡና አይጠፋም። ክብደት ጨምሬያለሁ። ስለ ፀጉሬ አትጠይቀኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወፍ አያለሁ። አትሳቅ። መኸር በመጣ ቁጥር ካሜራዬን አንግቤ ወፍ ፍለጋ የምወጣ ሰው ሆኛለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በዕድሜ ነው። እዚህ አገር ለወንድ ልጅ 25፣ 42 እና 61 ዓመት ክፉ ዕድሜ ነው ይላሉ፤ «ያኩዶሺ» ይሉታል። ከሁሉም የሚፈራው 42 ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቀሙት ደግሞ የድሮውን አቆጣጠር ነው፤ ልጅ ሲወለድ «አንድ» ተብሎ ይጀመራል። ስለዚህ እኛ ገና አርባ አንድ ዓመት በሚሞላን ዓመት 42 ደረሱ እንባላለን። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዕድሜዬን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ቤተ መቅደስ ሄጄ እንዳስጸልይ መከረኝ። ጠበል ይሻለኛል አልኩት። እሱ ግን በዚያ አላበቃም። «እንግዲያውስ እኔ ወደምሄድበት ና» ብሎ በመስከረም ወር፣ አንድ ሌሊት መኪናው ውስጥ ጫነኝ።

የሄድነው ናጋኖ ነው፤ ከማትሱሞቶ ከተማ በላይ ያለ ሺራካባ የሚባል የተራራ መተላለፊያ። ከፍታው 1600 ሜትር ገደማ ነው። ሐዋሳ ራሷ ከዚያ ትበልጣለች፤ እዚህ ግን ይኼ ቁጥር ብርድ ነው፣ ጥድ ነው፣ ጉም ነው። መኪናችንን አቁመን በጫካው መሐል ሽቅብ ወጣን። እኔ ቁና ቁና ስተነፍስ አንዲት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ ታጣፊ ወንበራቸውን ተሸክመው አልፈውኝ ሄዱ። «ይቅርታ» እንኳ ብለውኛል።

ላይ ስንደርስ ገላጣ ዳገት ነው። በጡረታ የወጡ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሻይ በፔርሙዝ፣ የሩዝ ኳስ በፌስታል፣ ትሪፖድ፣ ባርኔጣ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል። ምንም ነገር የለም። ሸለቆው በጉም ተሞልቷል። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። ይኼን ለማየት ነው እንቅልፌን የሰዋሁት ብዬ ባልደረባዬን በልቤ ረገምኩት።

ከዚያ ፀሐይ ዳገቱን መታችው። ጉሙ ተገፈፈ። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው «ወጣ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭልፊት ሩቅ አገር ሲሄድ ክንፉን እያራገበ አይሄድም፤ አይችለውም። ፀሐይ ያሞቀችው አየር ከተራራው ጎን ሽቅብ ሲወጣ እሱ ውስጥ ይገባና ክንፉን ዘርግቶ እየዞረ ይወጣል። አንዱ አየሩን ሲያገኝ ሌላው ከሩቅ አይቶ ይመጣል፤ ከዚያ ሌላው። ብዙ ከመሆናቸው የተነሳ ሰማዩ ላይ የቆመ ዓምድ ይመስላሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ አንድ በአንድ ይወጡና ክንፋቸውን ትንሽ ሰብሰብ አድርገው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይንሸራተታሉ። ድምፅ የለም። የሚሰማው የሽማግሌዎቹ መቁጠሪያ ብቻ ነው፤ በእጅ የምትያዝ፣ በአውራ ጣት የምትጫን፣ ቀጭ ቀጭ የምትል። በአንድ መኸር እዚያ ዳገት ላይ ከ10 ሺህ በላይ ጭልፊት ይቆጠራል። ብዙው የሚያልፈው በመስከረም አሥር ግድም ነው፤ እናንተ ለደመራ ችቦ ስትገዙ ማለት ነው።

ዋናዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው «ሃቺኩማ» ነው፤ የተርብ ቤት ቆፍሮ እጩን የሚበላ። ተርብ እንዳይነድፈው ፊቱ ላይ ያለው ላባ እንደ ዓሣ ቅርፊት ጥቅጥቅ ያለ ነው። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ሂሮዮሺ ሂጉቺ ከባልደረቦቹ ጋር ጀርባው ላይ የሳተላይት መከታተያ አስረውለት መንገዱን አግኝተውታል። ከጃፓን ምዕራብ ጫፍ ተነስቶ ባሕሩን ወደ ቻይና ይሻገራል፣ በማሌዥያ በኩል ሱማትራ ይደርሳል፤ ከዚያ አንዳንዱ ተጠምዞ ቦርኒዮና ፊሊፒንስ ይገባል። ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፀደይ ሲመለስ ደግሞ በሌላ መንገድ፣ በኮሪያ በኩል ዞሮ ይመጣል። እኔ በቦሌ ገብቼ በቦሌ እየወጣሁ ሻንጣ ይጠፋብኛል።

ሁለተኛው «ሳሺባ» ይባላል። አነስ ያለ ነው፤ በኦኪናዋ ደሴቶች አድርጎ ወደ ፊሊፒንስ ይወርዳል። ይኼኛው እየቀነሰ ነው። የሚኖረው በኮረብታ መሐል ባሉ ትንንሽ የሩዝ ማሳዎች አጠገብ ነው፤ እንቁራሪትና እባብ ይበላል። ገበሬው አርጅቷል፣ ልጁ ከተማ ገብቷል፣ ማሳው ጠፍ ሆኗል፣ እንቁራሪቱም የለም። ይህን የነገሩኝ ያቺ ያለፉኝ ሴትዮ ናቸው። የአባታቸው ማሳ እንደዚያ ሆኖ እንደቀረ ጨምረው ነገሩኝ፤ ከዚያ ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ።

ፎቶውስ አትልም? ያገለገለ ሌንስ ገዛሁ፤ የትኩረት ርዝመቱ እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ ክብደቱ ሁለት ኪሎ የሚሆን። ባለቤቴ ዋጋውን ሰምታ ዝም አለች፤ በኋላ «መጠጥ ቤት ከሚያመሽ ጫካ ይደር» ብላ አለፈችው። የዘንድሮ ካሜራ የወፍ ዓይን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ ስለዚህ ጎበዝ ነኝ ብዬ አልዋሽህም። የቀረው ሥራ ግን የሰው ነው። ሰማዩ ብሩህ ስለሆነ ካሜራው ይታለልና ወፉን ከሰል ያደርገዋል፤ ብርሃኑን ከፍ ካላደረግክ ላባ አታይም። የሹተሩን ፍጥነት ደግሞ የሰከንድ 1/2000ኛ አካባቢ ታደርገዋለህ። ይኼን ሁሉ አሟልተህም ጭልፊቱ ሩቅ ከሆነ አይሆንም፤ ያው እሱን የሚያወጣው ሙቅ አየር ምስሉን ያርገበግበዋል። ውድ ሌንስ አያድንህም። እኔ ይኼን ወድጄዋለሁ። ባለ ብዙ ብሩም እኩል ይከስራል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ዓይኔ ነው። ተራራ ማዶ ያለውን ጭልፊት አየዋለሁ፤ ካሜራዬ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን እጄን ዘርግቼ ካላራቅሁት አይነበበኝም። አንተስ ጀመረህ? እንዳትዋሸኝ። ባለፈው በላክኸው ፎቶ ሜኑውን እንዴት እንደያዝክ አይቼሃለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ ሽማግሌ ልንገርህ። ሰፈራችን አጠገብ ሚዙሞቶ የሚባል ትልቅ ፓርክ አለ፤ ውኃ ዳር ነው፣ በዚህ ሰሞን ዛፎቹ የሸክላ ቀለም ይይዛሉ። ቅዳሜ ጠዋት እዚያ እሄዳለሁ። ሽማግሌውም አይቀሩም። ባቡር ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። እዚህ አገር በሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ኢትዮጵያዊ መሆንህን ሲሰማ ወዲያው «አበበ!» ይላል፤ የ1964ቱን ማራቶን ያላየ የለም። እሳቸው ግን ምን አሉ መሰለህ? «ነገሌ ቦረና ሄደህ ታውቃለህ?» ለካ እዚያ አካባቢ ብቻ የሚገኝ ወፍ አለ፤ በፈረንጆቹ የሩስፖሊ ቱራኮ የሚባል። ገላው አረንጓዴ፣ ጉትያው ነጭ፣ ሲበር ክንፉ ውስጥ ደማቅ ቀይ የሚታይ። በመጽሐፍ አሳዩኝ። የሲዳሞ ልጅ ነኝ ባይ እኔ ስሙን የሰማሁት ከአንድ ጃፓናዊ ባቡር ነጂ ነው።

እና በዚህ ኅዳር ጥዶቹ ሥር ቆመን ነበር። «ኪኩኢታዳኪ» የሚባል ወፍ አለ፤ ጃፓን ውስጥ ከሱ የሚያንስ ወፍ የለም፤ ክብደቱ አምስት ግራም ገደማ ነው። በጋውን ተራራ ላይ ያሳልፍና ሲበርድ ወደ ታች ይወርዳል። አናቱ ላይ ቢጫ መስመር አለችው። ድምፁ በጣም ቀጭን ነው፤ ጺ ጺ ጺ፣ የሚሰማ ከሆነ። ሽማግሌው ቀና ብለው ቆዩና «አሁን ይጮኻል?» ብለው ጠየቁኝ። በላያችን ላይ እየጮኸ ነበር። «አዎ» አልኳቸው። «የት?» በጣቴ አሳየኋቸው። ባይኖኩላራቸውን አነሱ፣ አገኙት። ከዚያ በጣም ተራ ነገር እንደሚያወሩ ሆነው ነገሩኝ። አምና ድምፁ ሲቀንስባቸው ወፎቹ የቀነሱ መስሏቸው ነበር። ሐኪም ጋ ሲሄዱ ጆሯቸው ነው። ከፍ ያለው ድምፅ ቀድሞ ይሄዳል፤ ቁራው ገና ብዙ ዓመት ይሰማል አላቸው። ይህን ሲሉ ሳቁ። ቁራ አይወዱም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ተከፋፍለናል። እኔ እሰማለሁ፣ እሳቸው ስም ያወጣሉ። ቅጠል ውስጥ የምትንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ለኔ ድንቢጥ ነበረች፤ እሳቸው ጭራዋን ብቻ አይተው ይጠሯታል። ዕድሜዬን ስነግራቸው ደግሞ «ገና ልጅ ነህ» ይሉኛል። አርባን አልፌ ልጅ መባል ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር፤ ሞክረው።

ሁሉም ግን እንዲህ ጨዋ አይደለም። እዚያው ኩሬ ዳር ሰማያዊዋን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ለማንሳት የሚሰለፉ አሉ። ሃያ ትሪፖድ፣ ሃያ መድፍ የሚያክል ሌንስ። ወፏ የምታርፍበትን እንጨት ራሳቸው ውኃው ውስጥ ይተክላሉ፤ ፎቶው ላይ እንዲያምር። መንገደኛ ሲያልፍ ይቆጣሉ። እኔ አይመቸኝም። ወፍ ቀጥረህ ፎቶ ከማንሳት ፎቶ ቤት መግባት ይሻላል።

እኔ ዘንድሮ በጣም የወደድኩትን ፎቶ ያነሳሁት መሥሪያ ቤታችን መኪና ማቆሚያ ነው። በጥቅምት ከእስያ አህጉር ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ «ጆቢታኪ» የሚባል ትንሽ ወፍ አለ። ወንዱ ሆዱ ብርቱካናማ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ጭንቅላቱ ብርማ፣ ክንፉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ነው። እንደደረሰ ቦታ ይይዝና ሌላ ወንድ አያስጠጋም። አንድ ጠዋት የአለቃዬ መኪና ስፖኪዮ ላይ አርፎ ራሱን አየ። ሌላ ወንድ መሰለው። በመንቁሩ መታው፣ ከኋላው ዞሮ ፈለገው፣ የለም። ተመልሶ ሲያይ አለ። እንደገና መታው። ጭራው ይንቀጠቀጣል፣ አፉ ክፍት ነው፣ መስታወቱ ላይ ኩሱን ለቋል። ምሳ ሰዓት ስወጣ እዚያው ነበር። ፎቶው ላይ ሁለቱም ፊት ለፊት ተፋጥጠዋል፤ ሁለቱም በጣም ተናደዋል። አትምሬ መላኬ ነው። ፊቱን ሳየው የኛን የስፖርት መምህር አስታውሶኛል፤ አንተም ታየዋለህ።

እና ጉዳዬ ይኸው። በጥር እመጣለሁ፤ የእረፍት ፈቃዴን አስፈቅጄ ጨርሻለሁ። አሞራ ገደል ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት አብረን እንሄዳለን። እኛ ዓሣ ለመብላት ስንሄድ አባ ኮዳው እግራችን ሥር ይራመድ ነበር፤ ጥቁርና ነጯ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ውኃው ላይ ቆማ ክንፏን ስታርገበግብ ማንም ዞር ብሎ አያያትም ነበር። እዚህ ለዚያ ትርኢት ሃያ ትሪፖድ ይሰለፋል። ሁለት ሦስት ቀን ከሥራ ማምለጥ ከቻልክ ደግሞ ወደ ነገሌ እንውረድ። የሽማግሌውን ወፍ ፎቶ ይዤ ካልተመለስኩ ሚዙሞቶ አልረግጥም። የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮቹ ጠይቅልኝ፤ ሰላም ካልሆነ እንተወዋለን።

ላንተ ባይኖኩላር ገዝቻለሁ፤ ትንሽ ናት፣ ደረት ኪስ ትገባለች። ብቻ ቦሌ ላይ ባይኖኩላር ጥያቄ ያስነሳል ሲሉ ስለሰማሁ ያን ጉምሩክ የሚሠራውን የአክስትህን ልጅ፣ ባይኖኩላሩ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቀውና ከገና በፊት አሳውቀኝ። ያስፈልገዋል ካለ ምን ዓይነት ወረቀት፣ ከየት እንደሚወጣ ጨምረህ ጻፍልኝ። በድምፅ መልእክት ከሆነ ደግሞ እባክህ ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ።

እትዬን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ያንተው