ልጄ፣ ደብተሩን የሚይዝልን ሰው አጣን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ባለፈው ስንደዋወል «እማ፣ ለቤተ ክርስቲያናችሁ የሴቶች ኅብረት ስንት ላዋጣ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ መመለስ ስላቃተኝ ነው የምጽፍልሽ። ማሰብሽ ደስ ብሎኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኛን የቸገረን ግን ገንዘብ አይደለም። ሰው ነው።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከኅብረታችን አንዲት አረጋዊት እናት እግራቸውን ታመው ቤት ዋሉ። እኔ ሌሎቹ ይሄዳሉ ብዬ ተውኩት። ሌሎቹም እኔ የሄድኩ መስሏቸው ተዉት። ዛሬ ነገ ስንል ስድስት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ሄጄ ሳንኳኳ ቆይተው ከፈቱልኝ። ግድግዳውን ተደግፈው ነበር የመጡት። አንድም ቃል አልወቀሱኝም። አየት አደረጉኝና «ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?» አሉኝ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ቤት ውለው ቀኑ ጠፍቶባቸዋል። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ደብተር ገዛን። የታመመች፣ የወለደች፣ ሐዘን የደረሰባት፣ ከጉባኤ የጠፋች እህት ስሟ ይሰፍራል። ከጎኑ ማን ሄዳ እንደጠየቀቻት፣ መቼ እንደሆነ፣ ቀጥላ የምትሄደው ማን እንደሆነች ይጻፋል። ሁለት ወር ያህል በደንብ ሄደ። ከዚያ የያዘችው እህት ሥራ በዛባትና ደብተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን እንደገና አንብቢው። በዕለታዊው እደላ መበለቶች ችላ ተባሉ ተብሎ ማጉረምረም ተነሣ። እህል አነሰ አይልም እኮ። ሐዋርያትም ተጨማሪ መዋጮ አልጠየቁም። ለሥራው ሰባት ሰዎች አስመረጡ። እኔ ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰምቼው፣ የገባኝ ያቺን ሐሙስ ነው። ደግ ሰው ሞልቶ ሳለ ሰው ሊረሳ ይችላል። «ይሄ የእኔ ነው» የሚል ከሌለ ይረሳል።

የመጠየቅ ሥራ ቀላል ይመስላል፣ ግን ወግ አለው። ሕመምተኛ ጋ ብዙ አይቆዩም። ሩብ ሰዓት ይበቃል። እጅ ታጥቦ ይገባል፣ አልጋው ላይ አይቀመጡም። «የእኔም እህት በዚሁ በሽታ ነበር የሞተችው» የሚባል ወሬ አይነሣም፤ ስንቴ ሰምቼ አፍሬያለሁ። «የሚያስፈልግ ነገር ካለ ንገሪን» ማለትም ብዙ አይጠቅም። የታመመ ሰው መለመን ያሳፍረዋል። «ሐሙስ መጥቼ ልብስ ላጥብልሽ?» ሲባል ግን እሺ ይላል።

ደግሞ የሰው ገመና አለ። ቤቷ ገብተን ያየነውን «የጸሎት ርእስ» ብለን ጉባኤ ላይ ካወጣነው ሐሜት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ስለዚህ ደብተሩ ላይ የበሽታው ዓይነት አይጻፍም። ስሟና ቀኑ ብቻ። እንዲጸለይላት ከፈለገች ራሷ ትፈቅዳለች።

ሌላም ሰው የምንፈልግበት ሥራ አለ። ልጆች የያዙ እናቶች በስብሰባ ሰዓት ልጆቹን የሚይዝላቸው ካላገኙ አይመጡም። እዚያ ክፍል ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች መኖር አለባቸው፣ አንድ ሰው ብቻውን ከልጆች ጋር አይተውም። አሁን ያለችን አንዲት ብቻ ስለሆነች ክፍሉን ዘግተነዋል። መኪና ያለው ሰው አረጋውያኑን እሑድ ቢያመጣልን ትልቅ ነገር ነው። የተሰበሰበ ልብስ የሚለይም ያስፈልገናል። ቁልፉ የወለቀ ይተከላል፣ የተቀደደው ይወጣል። ለራሳችን የማንለብሰውን ለሰው አንሰጥም። በዚያው በሐዋርያት ሥራ፣ ኢዮጴ በምትባል ከተማ የነበረችው ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት እሷ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር። ለእነሱ ብላ የሰፋችው ነው እንጂ ከቤቷ የተረፈ አልነበረም። መዋጮውን የሚቆጥሩት ሁለት ሆነው ነው፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። የገንዘቡ ሥራስ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በፈረንጆች ማርች ወር የመጀመሪያው ዓርብ ደግሞ የዓለም የጸሎት ቀን አለ። ከ1927 ጀምሮ በብዙ አገር ሴቶች አብረው የሚጸልዩበት ነው። የየዓመቱን ጸሎት የሚያዘጋጁት የአንድ አገር ሴቶች ናቸው፣ አገሩም በየዓመቱ ይቀየራል። በጣም የምወደው ቀን ነው። የሚያነቡ ልጆች ብናገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሁሌ የምናነበው እኛው ነን፣ መነጽር እየተዋዋስን።

አንቺ «እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም» እንደምትዪ አውቃለሁ። ሜሪ ሰምነር የምትባል እንግሊዛዊት በ1876 የእናቶች ኅብረት ስትመሠርት፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ፍርሃት ያዛትና መናገር አቃታት። ሴቶቹን በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ አለቻቸው። ተመለሱ፣ እሷም ተናገረች። ያ ኅብረት ዛሬም በብዙ አገር አለ። አንቺን ደግሞ ጉባኤ ፊት ቁሚ አላልኩሽም።

የምለምንሽ ደብተሩን እንድትይዢልን ነው። ሩቅ መሆንሽ ምንም አያግድም፣ ሥራው በስልክ ያልቃል። ማክሰኞ ማታ ተራ ለደረሳቸው እህቶች ትደውያለሽ። «ሄዳችሁ? እንዴት ናት? ቀጥሎ ማን ትሂድ?» ትያቸዋለሽ፣ መልሱን ትጽፊያለሽ። ስድስት ወይ ሰባት ስልክ ነው፣ ቢበዛ ስልሳ ደቂቃ። እነዚህ ሴቶች አዝለው ያሳደጉሽ ናቸው፣ ድምፅሽን ሲሰሙ ደስታቸውን አትጠይቂኝ። የማትችይበት ሳምንት ካለ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፣ እኔ እደውላለሁ። ለሁልጊዜ ቃል ግቢ አልልሽም። ለሦስት ወር ያዥልንና ከዚያ እንነጋገራለን።

እኚያ እናት አሁን ደህና ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ሰው ይገባል። አልጋቸው አጠገብ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ሰቅለንላቸዋል፣ የሄደችው እህት ቀኑ ላይ ምልክት ታደርጋለች። የዚህ ሳምንት ተራ የእኔ ነው።

ስሞቹን ጽፌ አዘጋጅቻለሁ። እሺ ካልሽኝ ነገውኑ አነብልሻለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ